ሳጥን ውስጥ የከረመችው መኪና፦ ወደ ሚኒ ፎርዊል ውድድር ለሚመለሱ

ሚኒ ፎርዊል የምትባለው ትንሽ የመጫወቻ መኪና ሪሞት የላትም፣ መሪም የላትም። ሁለት ባትሪ ጎርሳ መሙ ላይ ስትለቀቅ በግራና በቀኝ ያሉት ሮለሮች (በጎን የሚሽከረከሩ ትናንሽ ቀለበቶች) ግድግዳውን እየታከኩ ያዞሯታል። የጃፓኑ ታሚያ እነዚህን የ1/32 መጠን ያላቸው መኪኖች ማምረት የጀመረው በ1982 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የእሽቅድምድሙ ተከታታይ በ1986፣ የመጀመሪያው የጃፓን ዋንጫ ደግሞ በ1988 መጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተቀይሯል፤ ከዓመታት በኋላ የሚመለሱ ሰዎች ስህተት ግን አልተቀየረም። በልጅነት አቅም ያልፈቀደው ፈጣን ሞተር ተገዝቶ ይገጠማል፣ መኪናዋ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ተወርውራ ትወጣለች። ከመሙ የወጣች መኪና ምን ብትፈጥን ያ ዙር አልቆባታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ፦ መጀመሪያ ሮለር፣ ቀጥሎ ፍሬን፣ ሞተር በመጨረሻ።

አሮጌዋን መፈተሽ

የባትሪውን ቤት ይክፈቱ። ባትሪ ውስጧ ከርሞ ከሆነ ባትሪውን የሚነኩት የመዳብ ቅጠሎች ላይ ነጭ ዱቄት ወይም አረንጓዴ ዝገት ያገኛሉ። የአልካላይን ባትሪ ፍሳሽ ስለሆነ በባዶ እጅ አይንኩት። የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ኮምጣጤ አስነክተው ይጥረጉ፣ ከዚያ በውሃ እርጥብ ጥጥ፣ ከዚያ በደረቅ። ቅጠሉ ካልጠራ በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለው ይሹት፤ በመጨረሻም ባትሪውን ጠበቅ አድርጎ እንዲይዝ ቅጠሉን በጥቂቱ ወደ ውስጥ ያጥፉት። የላላ ቅጠል መኪናዋ በነጠረች ቁጥር ኃይል ያቋርጣል፤ ሰው ግን ሞተሩን ይጠረጥራል።

ሞተሩ ሲያፏጭ ጎማው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ባለ 8 ጥርስ ትንሽ የፕላስቲክ ማርሽ አውጥተው ወደ ብርሃን ያዙሯት። በሁለት ጥርስ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይታያል። ለዓመታት በብረቱ ዘንግ ላይ ተወጥራ ስለኖረች ፕላስቲኩ ተሰንጥቋል፤ ዘንጉ ውስጧ ባዶውን ይዞራል። በሙጫ አትጠገንም፣ አዲስ ይግጠሙ።

ጎማውን በጣት ያጥፉት። ከተሰነጠቀ ወይም እንደ ቆርቆሮ ካበራ አልቋል። የስፖንጅ ጎማ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። የጎማውን ዘንግ ደግሞ ፈትተው በመስታወት ላይ ያንከባሉት፤ ከሥሩ ብርሃን ብልጭ ጥፍት ካለ ጠሟል። የጠመመ ዘንግ አይቃናም፤ የሚያቃናው ሰው ሌላ ቦታ ላይ ያጣምመዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አሮጌዋ ብትነሳም እንኳ ለውድድር አዲስ ሻንሲ (ሞተርና ጎማ የሚሸከመው የታች አካል) መግዛት ይሻላል ባይ ነን። የድሮ ሻንሲ መለዋወጫው ያነሰ ነው፣ ፕላስቲኩም ደርቋል። ቀፎዋን (የላይኛውን ሽፋን) አዲሱ ላይ ማሰር ከተቻለ ደግሞ ናፍቆቱም ውድድሩም አብረው ይሄዳሉ።

አዲስ ሻንሲ ሲመርጡ

ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ሞተሩ ከኋላ (በአንዳንዱ ከፊት) ሆኖ ኃይሉን በቀጭን ዘንግ ወደ ሌላኛው ጫፍ የሚልክ ነው፤ በ2012 የወጣው ኤአር እና በ2020 የወጣው ቪዜድ ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ሞተሩ መሃል ተቀምጦ በሁለቱም ጫፉ ዘንግ ያለው ነው፤ ኤምኤስ (2005) እና ኤምኤ (2013) እንዲህ ናቸው። ለጀማሪም ለተመላሽም ኤምኤ ወይም ኤአር ይበቃል፤ ጠንካሮች ናቸው፣ ጽዳታቸውም ቀላል ነው። ሲገዙ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የሁለቱ ወገን ሞተሮች አይዋዋሱም። ባለ ሁለት ዘንጉ ሞተር ማሸጊያው ላይ «ፕሮ» የሚል ጽሑፍ አለው። ይህን ሳያይ ገዝቶ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው።

ሲገጥሙ ክፍሎቹን ከፕላስቲክ ፍሬማቸው በመቁረጫ ፒንሳ ይቁረጡ፤ መጀመሪያ 1 ሚሊ ሜትር አስተርፈው፣ ከዚያ የቀረውን ጉብታ በስለት ላጭተው። ጉብታው ማርሽ ወይም ጎማ አካባቢ ከቀረ መኪናዋ ሳትጀምር ፍሬን ይዛለች ማለት ነው። ብሎን ሲያስሩ ደግሞ መጀመሪያ ካቻቢቴውን ወደ ግራ በቀስታ ያዙሩ፤ ብሎኑ «ጠቅ» ብሎ የድሮው ክር ውስጥ ሲገባ ይሰማዎታል፣ ያኔ ወደ ቀኝ ያጥብቁ። ሳይሰሙ ያጠበቁት ብሎን አዲስ ክር ይቆርጣል፣ በሦስተኛው መፍታት ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ ሮለሩ መም ላይ ይረግፋል። ግራሶ ለአንድ ማርሽ የክብሪት ራስ ያህል ይበቃል። ሲበዛ ጎማና መዳብ ላይ ይረጫል፣ አቧራም ይሰበስባል።

ሮለር፦ ሥራው ሁሉ እዚህ ነው

የተለመደው የታሚያ መም የአንድ መስመር ስፋት 115 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ከፍታ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ደንቡ ለመኪናዋ ከነሮለሯ የሚፈቅደው ስፋት 105 ነው። በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀራል ማለት ነው፤ ይህን ክፍተት ማስፋት አይጠቅምም። ሮለሯ 95 ላይ የቆመ መኪና ኩርባ ውስጥ የበለጠ ዞራ፣ ግድግዳውን በሰፋ ማዕዘን ትገጫለች። ስለዚህ ወደ 105 ይጠጉ፣ ግን 104.5 ላይ ይቁሙ፤ ከግጭት በኋላ የሚታጠፍ ብሎን ከልክ በላይ ሊያወጣዎ ይችላል።

ቀጥሎ የፊት ሮለሮች ዘንበል ማለት አለባቸው። የሮለሩ የፊት ጠርዝ ከኋላ ጠርዙ በጥቂቱ ዝቅ ይበል፤ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይበቃል። እንዲህ ሲሆን ሮለሩ ግድግዳውን እየታከከ ሲሽከረከር መኪናዋን ወደታች ይጎትታታል። ተገልብጦ ወደላይ ካጋደለ ግን ግድግዳውን እንደ መሰላል ትወጣዋለች። ሲበዛም ኩርባ ላይ ያንቃል፣ ፍጥነት ይበላል። ማዕዘኑን ለማየት መኪናዋን ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አስቀምጠው ዓይንዎን በሮለሩ ትክክል ዝቅ አድርገው ከጎን ይመልከቱ። ከእያንዳንዱ ግጭት በኋላ ይህን መድገም ልማድ ይሁን፤ ሮለሩን የያዘው ሰሌዳ ቢጣመም በዓይን ካልተፈለገ አይታይም።

ለፊት ኩሽኔታ ያለው አልሙኒየም ወይም የፕላስቲክ ቀለበት ያለው ሮለር ጥሩ ነው። የላስቲክ ቀለበት ግድግዳውን ይይዛል፣ ያዘገያል። ከኋላ በየጎኑ ሁለት ሮለር፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ሲቆም መኪናዋ ኩርባ ላይ በጎኗ እንዳትተኛ ይደግፋታል።

መስመር የሚያቀያይረው ድልድይ ላይ የሚወጡት መኪኖች ከየትኛውም ቦታ ይበልጣሉ። ለዚህ ነው ሮለሩ ሳይስተካከል ሞተር አይነካም የምንለው።

ፍሬንና ማረፊያ

መሙ ጠፍጣፋ ከሆነ ይህን ክፍል ይዝለሉት። ዳገትና ዝላይ ካለው ግን ከሻንሲው ሥር፣ ከፊትና ከኋላ፣ የፍሬን ስፖንጅ ይለጠፋል። ሜዳ ላይ ሳይነካ ዳገቱን ሲጀምር ብቻ መታከክ አለበት፤ ደንቡም ከመሬት ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር ከፍታ ይጠይቃል። ጠረጴዛ ላይ አቁመው 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካርቶን ከሥሩ ይሳቡ፤ ከያዘው ዝቅ ብሏል፣ ይቅረጹት።

ከዝላይ በኋላ የምትነጥር መኪና ደግሞ ተንሸራታች ክብደት ያስፈልጋታል። ብሎን ላይ ከፍ ዝቅ የሚል የብረት ክብደት ነው፤ መኪናዋ መሬት ስትነካ ክብደቱ ዘግይቶ ይወርድና መልሳ ልትነሳ ስትል ይጫናታል። ብሎኑ ከጠመመ ክብደቱ ይጣበቃል፣ ያኔ ዝም ብሎ ሸክም ነው። በጣት ገፍተው ሲለቁት ወዲያው መውደቅ አለበት።

ሞተርና ባትሪ

ሞተርና ማርሽ አብረው ይታሰባሉ። የማርሹ ምጣኔ 3.5 ለ 1 ነው ማለት ሞተሩ 3.5 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። ቶርክ ቱንድ 2 የሚባለው የታሚያ ሞተር በደቂቃ 13,000 ያህል ይዞራል፤ በ3.5 ሲካፈል 3,700 ገደማ፤ 26 ሚሊ ሜትር ጎማ በአንድ ዙር 82 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ፈጣኑን ሞተር ሃይፐር ዳሽ 3ን በ19,000 ብናሰላው ከ26 በላይ ይደርሳል። እነዚህ የወረቀት ቁጥሮች ናቸው፣ ኩርባና ክብደት ይቀንሳቸዋል፤ ልዩነቱ ግን ምን ያህል እንደሆነ ያሳያሉ። ከቶርክ ቱንድ 2 ይጀምሩ። ሠላሳ ዙር ሳትወጣ ከጨረሰች ወደ ላይት ዳሽ ይሂዱ፣ ሃይፐር ዳሽ ከዚያ በኋላ።

አዲስ ሞተር ወዲያው ለውድድር አይሆንም። ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ብሩሽ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚዞረው ክብ ክፍል ላይ ያርፋል፤ እስኪላመድ ድረስ በ1.5 ቮልት ያለ ጭነት አምስት ደቂቃ ወደፊት፣ አምስት ደቂቃ ወደኋላ ያዙሩት። በመሃል ጣት የማይችለው ሙቀት ካገኙበት አቁመው ያቀዝቅዙ።

ባትሪው ሁለት ተመሳሳይ፣ እኩል የተሞላ፣ ዳግም የሚሞላ ባለ 1.2 ቮልት የኒኬል ባትሪ ይሁን። አልካላይን 1.5 ቢሆንም ሞተሩ ብዙ ሲስብ ቮልቴጁ ይወድቃል። መልኩ ከእነዚህ ጋር የሚመሳሰል ባለ 3.7 ቮልት የሊቲየም ባትሪ ግን በጭራሽ አይግባ፤ ሁለቱ አብረው 7.4 ቮልት ስለሚሆኑ ለ3 ቮልት የተሠራውን ሞተር ያቃጥላል፣ ራሱም አደገኛ ነው።

ስትወጣ ምክንያቱን መፈለግ

የወጣችበትን ቦታ ይያዙ። ሁልጊዜ አንድ ኩርባ ላይ በአንድ ጎን ከሆነ የዚያ ጎን ሮለር ላልቷል ወይም ጠሟል። ከዝላይ በኋላ ከሆነ ፍሬኑ አንሷል። ኩርባ ላይ ሳትወጣ ብቻ የምትዘገይ ከሆነ የሮለሩ ማጋደል በዝቷል፣ አለዚያ ኩሽኔታው ቆሽሿል። በሙሉ ባትሪ ብቻ የምትወጣና ባትሪው ሲደክም ደህና የምትዞር ከሆነ ደግሞ ችግሩ ፍጥነቱ ነው፤ ሮለሩ ገና አልበቃም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፣ ሦስት ዙር ሰዓት ይያዙ፣ ጎማውን፣ ሮለሩን፣ ሞተሩንና ባትሪውን በደብተር ይጻፉ።

በወረቀት ደንብ በኩል ርዝመት ከ165፣ ከፍታ ከ70 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፣ ክብደት ከነባትሪ ከ90 ግራም አያንስም። ስለዚህ ሻንሲ እየቀዳደዱ ማቅለል ለተመላሽ ሰው ጊዜ ማባከን ነው።

ሲጨርሱ ባትሪዎቹን ያውጡ፣ ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ሻንሲውን በሆነ ነገር ላይ አስደግፈው ጎማዎቹ መሬት ሳይነኩ ያስቀምጧት፤ ለስላሳ ጎማ ለወራት ቆሞ ሲከርም አንድ ጎኑ ይጠፈጠፋል።