ድግምት በመድገም ላይ ያለን በተጠባባቂ ፍላጻ ማቋረጥ
ደብረ ማርቆስ ቤታችን በምንጫወተው፣ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በተሰኘው የምናብ ገጸ ባሕርያት ጨዋታ፣ ታናሽ እህቴ «ጋሼ፣ ጠንቋዩ መድገም ሲጀምር ፍላጻዬን እለቃለሁ» ብላ ተራዋን በመጠበቅ ብታሳልፍም፣ ፍላጻው አግኝቶት እንኳ ድግምቱ ሳይቋረጥ በመፈጸሙ በጣም አዘነች፤ ኀዘኗም ተገቢ ነበር።

ደንቡን ደግሜ ሳነብ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው አምስተኛው እትም የተጠባባቂው ምላሽ የሚመጣው ቀስቃሹ ድርጊት ካበቃ በኋላ መሆኑን ሲደነግግ፣ በ2003ቱ እትም ግን ምላሹ ይቀድም፣ የተመታውም ደጋሚ ትኩረቱን ይፈተን እንደነበር ተረዳሁ።

ስለዚህ የቤት ደንብ ጨመርን፤ የተመታው ደጋሚ ባለ20 ገጽ ዳይስ ጥሎ የጽናት ጉርሻውን (ለገጸ ባሕርዩ አካላዊ ጥንካሬ የተሰጠውን ተጨማሪ ቁጥር) ይደምራል፣ ድምሩም ከ10 ወይም ከጉዳቱ እኩሌታ ከሚበልጠው ካነሰ ድግምቱ ይከሽፋል። በሚቀጥለው ጨዋታ ፍላጻዋ 24 ጉዳት አደረሰ፤ 12 ያስፈልገው የነበረው ጠንቋይ 9 አምጥቶ የጀመረው እሳት በእጁ ላይ ጠፋ።