ከውጭ አገር መጠለያ ትልቅ ውሻ ወደ ድሬዳዋ ለማምጣት

ከመጠለያ ውሻ ሲመረጥ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዓይኑን ነው። ለድሬዳዋ የሚመጣ ከሆነ ግን ፀጉሩንና አፍንጫውን አስቀድሙ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ግንቦትና ሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ሃስኪና ሴንት በርናርድን የመሰለ ድርብ ፀጉር ያለው ውሻ እዚህ ይሠቃያል። መላጨትም አያድነውም፣ ያው ፀጉር ቆዳውን ከፀሐይ የሚከልለው ነውና። ቦክሰርና ቡልማስቲፍ ደግሞ አፍንጫቸው ድፍጥጥ ስለሆነ እያለከለኩ ሙቀት ማውጣት ይቸግራቸዋል፤ ብዙ አየር መንገዶችም አይጭኗቸውም። የሚመከረው አጭር ፀጉርና ረዥም አፍንጫ ያለው፣ ከሦስት ዓመት ያለፈው ድቅል ነው። ቡችላ ካልሆነ ጠባዩ ታውቋል።

መጠለያውን የምትጠይቁት የእኛን ሰፈር እያሰባችሁ ይሁን፤ ፍየልና ዶሮ ሲያይ ምን ያደርጋል? ባጃጅ አጠገቡ ሲያልፍ ይሮጣል ወይስ ይተኛል? የድምፅ ማጉያ ያስደነግጠዋል? በቪዲዮ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። «በጣም ጥሩ ውሻ ነው» የሚል መልስ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ውሻው ከስፔን፣ ከጣሊያን ወይም ከግሪክ ከሆነ የሌይሽማንያ የደም ምርመራ ሳይደረግለት አትስማሙ። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ በሰው ላይ ካላ አዛር የሚባለው ከዚሁ ዘር ነው። ሕክምናው ረዥም ነው፣ ዳግም ይነሳል፣ መድኃኒቱን ያለማቋረጥ ማግኘት ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ውጤቱ በሽታው አለበት ካለ፣ ሆድ ቢያባባም እዚያው ይታከም። የልብ ትልና በመዥገር የሚመጣው ኤርሊኪያም አብረው ይመርመሩ።

በሰነድ በኩል ሰው የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ባለ 15 አሃዝ ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚገባ መለያ)፣ ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ተገላቢጦሽ ከሆነ ክትባቱ የማን እንደሆነ ማረጋገጫ ስለሌለ እንደገና መከተብ ሊጠየቅ ይችላል። ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ 21 ቀን ይጠበቃል። የጤና ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ጉዞው ሲቃረብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከበረራው በፊት ባሉት 10 ቀናት ውስጥ። ግብርና ሚኒስቴር የሚጠይቀውን የማስገቢያ ፈቃድና የሰነድ ዝርዝር ግን ቲኬት ሳትቆርጡ ጨርሱ።

አንድ ቀን ወደ አውሮፓ ይመለሳል የሚል ሐሳብ ካለ፣ ክትባቱ ከተሰጠ ከ30 ቀን በኋላ ደሙ ተወስዶ የመከላከያ መጠኑ ይለካ። በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት (IU/ml) ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ይህ ከአውሮፓ ሳይወጣ ተሠርቶ በውሻው ፓስፖርት ላይ ከተመዘገበና ክትባቱ ካልተቋረጠ፣ ሲመለስ የሦስት ወር ጥበቃው ይቀርለታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከተጀመረ ግን ሦስቱ ወር ግዴታ ነው።

ውሻው የሚጓዝበትን ሳጥን፣ ኬጁን፣ በግምት አትግዙ። ርዝመቱ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጅራት ሥር ያለው ሲደመር ከመሬት እስከ ክርን ያለው ግማሽ ነው፤ 95 ሴንቲሜትርና 40 ሴንቲሜትር ከሆኑ 115 ይመጣል። ወርዱ የትከሻው እጥፍ፣ ቁመቱ ቆሞ ጆሮው ጣሪያ የማይነካበት። የላይና የታች ክፍሉ በፕላስቲክ ቁልፍ ሳይሆን በብረት ቡሎን ይታሰር፤ የፈራ ውሻ ፕላስቲኩን ይሰብረዋል። የውኃ ሳህኑ በሩ ላይ ታስሮ ከውጭ የሚሞላ ይሁን። ማደንዘዣ ወይም ማስተኛ አትስጡ፤ የደም ግፊቱን ያወርዳል፣ ሰውነቱ ሙቀትን መቆጣጠር ያቅተዋል። ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ምግቡን እዚያው ኬጅ ውስጥ እንዲበላ መጠለያውን ለምኑ።

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ያለው በረራ አጭር ነው፤ ግን በዚያ ቀን የሚመደበው አውሮፕላን የዕቃ በር ኬጁን ያስገባ እንደሆነ አስቀድሞ ይረጋገጥ። ካልሆነ በመኪና ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሱና አዋሽንና ሚኤሶን ፀሐይ ሳይበረታ እለፉ፤ ጭሮና ቁልቢ ደጋ ስለሆኑ የቀትሩ ሰዓት እዚያ ቢያልፍ ይሻላል። የቆመ መኪና ውስጥ ለአምስት ደቂቃም አትተዉት። የውሻ ጤነኛ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ከተንገዳገደና ድዱ ደም ከመሰለ ወዲያው ውኃ አፍስሱበት፣ ነፋስ አግኝቶ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንግዳ አታብዙበት፣ አትጠቡት፣ ለብቻው የጥላ ጥግ ስጡት። ግቢ ውስጥም ቢሆን በማሰሪያ ይሁን፤ አዲስ ውሻ በር ሲከፈት ይወጣል፣ ሰፈሩን ስለማያውቅ አይመለስም። አንገቱ ላይ ስልክ ቁጥር ያለበት ማሰሪያ ቀንና ሌሊት አይውለቅ።

ምግቡን ከመጠለያው ካመጣችሁት ጋር እያቀላቀላችሁ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ቀይሩ። ቁሌት የገባበት የወጥ ትራፊ ክልክል ነው፤ ሽንኩርት ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርሳል። ከቄራ የሚመጣ ጥሬ ሳንባና ጉበትም እንዲሁ፤ ለሰው የሚተርፍ የኮሶ ዓይነት ይይዝበታል። ገረባ (የጫት ትራፊ) ለፍየል ተስማሚ ነው፣ ለውሻ ግን ልብን የሚያጣድፍ መርዝ ስለሚሆን ከበርጫ፣ ከጫት መቃሚያው ሰዓት፣ በኋላ ይጠረግ። 40 ኪሎ ውሻ በቀን ከ2 ሊትር በላይ ውኃ ይጠጣል፣ በሙቀት ደግሞ ይጨምራል። ደረተ ጥልቅ ትልቅ ውሻ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ ይብላ፣ ከበላ በኋላ አይሩጥ። ሆዱ ተነፍቶ ምንም ሳይወጣው ሊያስመልስ ከታገለ ጨጓራው ተጠምዟል ማለት ነው። «እስኪነጋ እንየው» አይሠራም።

ጎረቤታችሁ ሙስሊም ከሆነ፣ በሻፊዒ መዝሀብ (ከእስልምና የሕግ መንገዶች አንዱ) የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። ስለዚህ ለሶላት በሚወጣበት ሰዓት በጠባብ መንገድ ውሻ ይዛችሁ አትጋፉት፣ የተሰጣ ልብስም አይነካበት። ውሻው ከመምጣቱ በፊት ሄዶ መንገር ብዙ ቅሬታ ያስቀራል።

ሐረር ላይ ለምትኖሩ አየሩ ይቀላል፣ ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ ግን የጅብ ነው። ሰው እጅ የለመደ ጅብም ውሻ ይበላል፣ የታሰረ ውሻ ደግሞ መሸሽ አይችልም። ከመሸ በኋላ ቤት ውስጥ ወይም በሩ የሚቆለፍ፣ ግድግዳው ከመሬት የማይቆፈር ክፍል ውስጥ ይደር።