የቫዮሊን ደጋን ሲመርጡና ሲያሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በግራም መግዛት። አንድ ተማሪዬ ሁለት ደጋኖች ተውሶ ወርቅ ቤት ሄደ፤ በወርቅ ሚዛን ሊያስመዝናቸው። ሁለቱም 60 ግራም ሆኑ፤ የቫዮሊን ደጋን አብዛኛውን ጊዜ የሚመዝነው እዚያው ገደማ ነው። እኩል ከሆኑማ ብሎ ርካሹን ገዛ። በሳምንቱ ትንሿን ጣቱን እያሻሸ መጣና «ይሄኛው ይከብዳል» አለኝ። ሚዛኑ አልዋሸም። ዘነዘናን መሃሉን ይዞ ማንሳትና ጫፉን ይዞ አግድም ማንሳት አንድ እንዳልሆነ ቡና የወቀጠ ሁሉ ያውቃል።

ስለዚህ ጭራውን ለመጫወት በሚወጥሩት ልክ ይወጥሩና ደጋኑን በሌባ ጣትዎ ላይ ያጋድሙት። ሳያጋድል የሚቆምበት ቦታ፣ ማጥበቂያው ቁልፍ ሳይቆጠር ከእንጨቱ የኋላ ጫፍ ሲለካ፣ ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 25 ሴንቲሜትር ይሆናል። ይህ የሚዛን ነጥብ ወደ ደጋኑ ራስ፣ ማለትም ወደ ፊት ጫፉ፣ በራቀ ቁጥር ደጋኑ ወደ ፊት ይደፋል፤ ወደ እጅ ሲቀርብ ይቀላል፣ ግን ጫፉ ላይ ድምፁ ይሳሳል። የተማሪዬ ደጋን 26 ላይ ቆመ።

የብር ሽቦውን እንደ ጌጥ ማየት። እኔም ተማሪ ሳለሁ ከመያዣው ፊት የተጠመጠመው ሽቦ ሲላላብኝ አውልቄ በሐር ክር ተካሁት። 4 ግራም ያህል ሲቀነስ የሚዛኑ ነጥብ ወደ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ፊት ይሄዳል። ደጋኑ ቀለለ፤ ጫፉ ግን እንደነበረው ነው፤ የሄደው እጄ ሥር የነበረው ክብደት ብቻ ነው። ተቃራኒውም ስህተት አለ፦ የፊት ጫፉ የከበደ ደጋን ላይ ተጨማሪ ሽቦ መጠምጠም። ማስመሪያው ላይ ቁጥሩ ያምራል፤ ጫፉ ግን ያው እንደከበደ ይቀራል።

የደጋኑ ራስ ላይ ያለውን ቀጭን ልባጥ መናቅ። እዚያ አንድ ግራም ብቻ ቢጨመር ነጥቡ 8 ሚሊሜትር ያህል ወደ ፊት ይገፋል። ዘመናዊውን ደጋን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ መልክ ያስያዘው ፍራንሷ ግዛቪዬ ቱርትም የደጋኑን ራስ ሲያከብድ መያዣውን በብረት አክብዶ ነው ያካካሰው።

ጭራ ማብዛት። ድምፅ አይጨምርም። ከ150 እስከ 200 ዘለላ ይበቃል።

በፈጣን ዜማ መሞከር። ፍጥነት ጉድለትን ይሸፍናል፤ ሻጮችም ይህን ያውቁታል ብዬ እጠረጥራለሁ። በራስዎ ቫዮሊን፣ በጣት ሳይጫኑ «ላ» በሚባለው ክር ላይ፣ ከመያዣው እስከ ጫፍ አንድ ስበት 20 ሰከንድ ያቆዩትና ድምፁ የት ላይ መንቀጥቀጥ እንደሚጀምር ያዳምጡ። ተማሪዬ ሌላ ደጋን ሊገዛ ሲሄድ ያደረገው ይህንን ብቻ ነበር፤ ሻጩ እያዛጋ ጠበቀው።