ላገለገለ ቅንጡ መኪና አዲስ ጎማ እንዴት ይመረጣል?

ያገለገለ ቅንጡ መኪና ዋጋው በየዓመቱ ይወርዳል። የጎማው ዋጋ ግን አብሮት አይወርድም። አሥር ዓመት የተነዳ ቢኤምደብሊው ዛሬም የሚፈልገው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ዓይነት ጎማ ነው። ብዙ ሰው መኪናውን በደህና ዋጋ ከገዛ በኋላ የአራት ጎማ ሒሳብ ሲነገረው ክው ይላል። ከዚያ የርካሽ ፍለጋ ይጀመራል።

ርካሽ መፈለግ ነውር የለውም። የት ላይ መቆጠብ እንደሚቻል ማወቅ ነው ቁም ነገሩ። ስም ላይ መደራደር ይቻላል። መጠን፣ የክብደት ቁጥርና የአራቱ ጎማዎች መመሳሰል ላይ ግን ድርድር የለም።

መነሻው በሩ ላይ ያለው ተለጣፊ ነው

የሾፌሩን በር ክፈቱ። ምሰሶው ላይ ወይም የበሩ ጠርዝ ላይ ተለጣፊ አለ። አንዳንድ መኪና ላይ የነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥ ነው። የፊትና የኋላ ጎማ መጠን፣ የንፋሱም ልክ ተጽፎበታል። ፎቶ አንሱት።

ቀጥሎ መኪናው ላይ ከተሰቀለው ጎማ ጋር አስተያዩት። የቀድሞው ባለቤት ምን እንዳደረገ አይታወቅም። ለማማር ብሎ ቸርኬ ቀይሮ ይሆናል። ለሽያጭ ሲል ያገኘውን ጎማ አስገብቶም ይሆናል። ጎሚስታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው የተሰቀለውን ጎማ ነው። እንዲህ እያለ ስህተቱ ከባለቤት ወደ ባለቤት ይተላለፋል።

ጎማው ጎን ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ታገኛላችሁ፦ 245/45 አር 18፣ ቀጥሎ 100 ዋይ። 245 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 45 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ወደ 110 ሚሊሜትር ይመጣል። አር ራዲያል ነው፤ የዛሬ የቤት መኪና ጎማ ሁሉ እንደዚያ ስለሆነ እለፉት። 18 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው።

ቸርኬው ተቀይሮ ካገኛችሁት ቶሎ አትደንግጡ። አምራቾች ለአንድ ሞዴል ከአንድ በላይ መጠን ይፈቅዳሉ፤ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ዋናው ነገር የጎማው ጠቅላላ ቁመት አለመለወጡ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። የጎኑን ቁመት በ2 አባዙ፣ የቸርኬውን ኢንች በ25.4 አባዙ፣ ሁለቱን ደምሩ። 245/45 ባለ 18 ወደ 678 ሚሊሜትር ይሆናል። 245/40 ባለ 19 ደግሞ ወደ 679። እነዚህ ሁለቱ ይተካካሉ። አንዱ ግን ያንኑ 245/45 ይዞ ቸርኬውን ብቻ ወደ 19 ካሳደገው 703 ይደርሳል። ያኔ መኪናው የፍጥነት መለኪያው ከሚያሳየው ወደ 4 በመቶ ገደማ ይፈጥናል። መሪ ሲጠመዘዝም ጎማው ፓራፋንጎውን ሊፈትግ ይችላል።

መጨረሻ ላይ ያሉት ቁጥርና ፊደል

ጎማ ሻጮች በብዛት የሚዘሉት ይህን ነው። 100 የክብደት ቁጥር ነው፤ አንዱ ጎማ እስከ 800 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 95 ቢሆን 690 ኪሎ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በአራት ሲባዛ ግን 440 ኪሎ ነው። ቅንጡ መኪና ደግሞ ከባድ ነው። ወፍራም መስታወት፣ በሞተር የሚሠራ ወንበር፣ ትልቅ ሞተር፣ ሁሉም ክብደት ነው። ተለጣፊው ወይም መመሪያው ከሚለው ቁጥር በታች አትውረዱ። ኤክስ ኤል የሚል ከተጠየቀም ያንኑ ግዙ፤ ከፍ ባለ ንፋስ የበለጠ ክብደት እንዲሸከም የተጠናከረ ጎማ ነው።

ፊደሉ የፍጥነት ነው። ኤች 210፣ ቪ 240፣ ደብሊው 270፣ ዋይ 300 ኪሎሜትር በሰዓት። "እኔ ከ120 አልፌ አላውቅ፣ ዋይ ምን ያደርግልኛል?" የሚል ሰው አይጠፋም። ፊደሉ ጎማው ሙቀትን እንዴት እንደሚቋቋምም ይናገራል። ፊደሉ ከፍ ያለ ጎማ ብዙውን ጊዜ አሠራሩም ጠንከር ያለ ነው፤ ለመሪ ቶሎ ይታዘዛል። መኪናው የተሞከረው በዚያ ነው። አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ዝቅ ማድረግ ግን አይመከርም።

የፊትና የኋላው ሲለያይ፣ አራቱም እግር ሲጎትት

ብዙ ቢኤምደብሊውና መርሴዲስ የኋላ ጎማቸው ከፊቱ ይሰፋል። ለምሳሌ ፊት 245/45፣ ኋላ 275/40፣ ሁለቱም ባለ 18። አስሉት፤ ሁለቱም ወደ 677 እና 678 ሚሊሜትር ይመጣሉ። ስፋቱ ይለያያል፣ ቁመቱ ግን እኩል ነው። ስለዚህ አራት ባለ አንድ መጠን ጎማ ገዝታችሁ እንዳትመጡ። የፊቱን ወደ ኋላ እያዘዋወሩ እኩል ማስጨረስም አይቻልም። የኋላው ቶሎ ያልቃል፤ በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት።

በአራቱም እግር የሚጎትት ከሆነ፣ ማለትም ኤክስ ድራይቭ፣ ኳትሮ፣ ፎርማቲክ የሚባሉት፣ ጉዳዩ ይከብዳል። ሁለት ጎማ ብቻ መቀየር ኪስ ያተርፋል ተብሎ የሚታሰበው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ጎማ ብዙውን ጊዜ ወደ 8 ሚሊሜትር የሚጠጋ ጥርስ አለው። የአሮጌው 3 ሚሊሜትር ቀርቶታል እንበል። ልዩነቱ 5 ሚሊሜትር ነው፤ በዙሪያው ሲለካ ግን ከ31 ሚሊሜትር ይበልጣል። በዚህ ልክ ያለቀው ጎማ በአንድ ኪሎሜትር ከአዲሱ ወደ 7 ዙር ገደማ አብልጦ ይሽከረከራል። ኃይል ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ትራንስፈር ኬዝ ይህን እንደ መንሸራተት ሊቆጥረው ይችላል። ሁልጊዜ ሲይዝና ሲለቅ ይውላል፣ ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው ክላች ይበላል።

አንድ ወዳጄ በዚህ ነው የተቃጠለው። የኋላ ሁለቱን ብቻ ቀየረ። ከወራት በኋላ መኪናው ቆሞ ለመውጣት ሲጠመዘዝ ይነጥቀው ጀመር። ለትራንስፈር ኬዝ ጥገና የከፈለው ከአራት ጎማ ዋጋ በላይ ነበር። ባለ ፎር ዊል ከሆናችሁ አራቱንም አንድ ላይ፣ በአንድ ስምና በአንድ ሞዴል ቀይሩ። አንዱ ብቻ ተቀዶ ሌሎቹ ገና አዲስ ከሆኑ የጥርሱን ጥልቀት በመለኪያ ለኩ፤ አምራቹ የሚፈቅደው ልዩነት መመሪያው ላይ አለ።

በሁለት እግር የሚጎትት ከሆነ ሁለት ሁለት መቀየር ይቻላል። ያኔ የአራቱም መጠን አንድ ከሆነ አዲሶቹ ወደ ኋላ ይገባሉ። "የሚጎትተው የፊቱ ነው፣ አዲሱ ለፊት" የሚል ጎሚስታ ቢያጋጥማችሁም አትስሙት። በዝናብ የኋላው ከከዳ መኪናው ይዞራል፤ የፊቱ ከከዳ ግን ፍጥነት ቀንሶ መመለስ ይቀላል።

ራንፍላት፦ ይቆይ ወይስ ይውጣ?

ራንፍላት ጎኑ የተጠናከረ ጎማ ነው። ንፋሱ ሙሉ በሙሉ ቢወጣም ብዙውን ጊዜ እስከ 80 ኪሎሜትር ርቀት፣ በሰዓት ከ80 ሳያልፉ መንዳት ይቻላል። አጠራሩ እንደ አምራቹ ይለያያል። ብሪጅስቶን አር ኤፍ ቲ፣ ሚሽሊን ዜድ ፒ፣ ኮንቲኔንታል ኤስ ኤስ አር፣ ጉድይር አር ኦ ኤፍ ብለው ጎኑ ላይ ይጽፋሉ። መኪናችሁ ተቀያሪ ጎማ ከሌለው፣ ማስቀመጫውም ከሌለው፣ ከፋብሪካ ከራንፍላት ጋር የመጣ መሆኑን ጠርጥሩ።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ማታ፣ ሰው በሌለበት መንገድ፣ ከልጆች ጋር ሆኖ ክሪክ ማውጣት የለም። ጉዳቱ ደግሞ ይደርቃል፤ እያንዳንዷን ጉድጓድ ወንበር ላይ ያደርሳታል። ዋጋውም ከተራው ይበልጣል። ሌላው የማይነገረው፣ ንፋስ አልቆበት ከተነዳ በኋላ ብዙ ጊዜ አይጠገንም። ውስጡ ተጎድቶ ውጪው ደህና ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ለአንዲት ምስማር ሙሉ ጎማ ልትገዙ ትችላላችሁ።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ መንገዳችሁ ጉድጓድ የበዛበት ከሆነ ወደ ተራ ጎማ ቀይሩ። መኪናው ይለሰልሳል፣ የሾክ አብዞርበሩና የቸርኬው ሥቃይም ይቀንሳል። መሪው ላይ ትንሽ ልስላሴ ይሰማችኋል፤ ሞላና ሾኩ ለደረቅ ጎማ ተብሎ የተስተካከለ ስለሆነ ነው። ይለመዳል። ግን ሦስት ነገር አሟሉ። አራቱንም አንድ ላይ ቀይሩ፤ ራንፍላትና ተራ አይቀላቀልም። ተቀያሪ ጎማ ወይም ትንሽ የንፋስ መሙያና ማሸጊያ ፈሳሽ መኪናው ውስጥ ይኑር። ክሪክና ብሎን መፍቻም ግዙ፤ ከመኪናው ጋር ላይመጣ ይችላል።

ተቃራኒው ግን አይመከርም። ከተራ ጎማ ጋር የተሠራ መኪና ላይ፣ በተለይ የንፋስ መቆጣጠሪያ ሴንሰር ከሌለው፣ ራንፍላት አታስገቡ። ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ ንፋሱ አልቆም ቆሞ ይታያል። በዓይን አይለይም።

ኮከቡና ፊደሎቹ

አንዳንድ ጎማ ጎን ላይ ኮከብ ታያላችሁ። ለቢኤምደብሊው ተስማምቶ ተሠርቷል ማለት ነው። ኤም ኦ የመርሴዲስ፣ ኤ ኦ የኦዲ፣ ኤን ከቁጥር ጋር የፖርሽ ነው። ስሙ አንድ የሆነ ጎማ ምልክት ሲኖረውና ሳይኖረው የውስጥ አሠራሩ ሊለያይ ይችላል። ካገኛችሁና ዋጋው ካልራቀ ጥሩ ነው። ግን ሁለት ባለ ኮከብና ሁለት ሌላ ከማድረግ፣ አራቱም አንድ ዓይነት ሆኖ ኮከብ ባይኖረው እመርጣለሁ። ፖርሽ ያላችሁ ብቻ ኤኑን ጠበቅ አድርጉት።

ስምን በተመለከተ፣ የግድ ሚሽሊን ወይም ፒሬሊ ካልሆነ አልልም። ሃንኩክን የመሰሉ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው አምራቾች ለጀርመን መኪኖች ከፋብሪካ ጀምሮ ጎማ ያቀርባሉ። ምንነቱ የማይታወቅ ስም ላይ ግን ተጠንቀቁ። ጥሩ ጎማና መጥፎ ጎማ በደረቅ መንገድ ይቀራረባሉ፤ የሚለያዩት እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ነው። አንዳንዱ ጎማ ጎን ላይ ትራክሽን የሚል ደረጃ አለ፤ ይህ የተለካው በእርጥብ መንገድ ነው። ድርብ ኤ የበላዩ ነው፣ ሲ የታችኛው። ትሬድዌር የሚለው ቁጥር ዕድሜን ይጠቁማል፤ ነገር ግን የአንድ አምራች ጎማዎችን እርስ በርስ ለማወዳደር እንጂ የሁለት አምራቾችን ለማወዳደር ብዙ አይረዳም። ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ7 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ቦታ ካላችሁ ለሙቀት የተሠራው፣ የበጋ የሚባለው ጎማ ይደርቅባችኋል፤ የሁሉም ወቅት ወይም ለብርድና ለበረዶ የተሠራውን፣ የክረምት የሚባለውን ጎማ ፈልጉ።

ያገለገለ ጎማ? አይሆንም። የማን መኪና ላይ፣ በምን ንፋስ እንደተነዳ አታውቁም።

የተመረተበት ቀን

ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2319 ከሆነ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሙሉው ቁጥር በጎማው አንድ ጎን ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል ከመግባቱ በፊት ሁለቱንም ጎን እዩ። ከገባ በኋላ ቀኑ ወደ ውስጥ ዞሮ ሊቀር ይችላል። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። አንዳንድ የመኪና አምራቾች በ6 ዓመት ይቀየር ይላሉ፤ ሚሽሊንና ኮንቲኔንታል ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም ከ10 ዓመት አይለፍ ይላሉ። እኔ "አዲስ" ተብሎ ሁለት ዓመት ያለፈው ከሆነ ዋጋ አስቀንሳለሁ፤ አራት ዓመት ካለፈው አልወስድም።

ከመግባቱ በፊትና በኋላ

አሮጌውን ከመጣላችሁ በፊት አበላሉን እዩ። መሪውን እስከ ጫፍ ጠምዝዛችሁ የውስጠኛውን ጠርዝ በእጅ ዳስሱ። እነዚህ መኪኖች ብዙ ጊዜ ጎማቸው ወደ ውስጥ ትንሽ ያዘነበለ ነው፤ ውጪው ጥርስ እያለው ውስጡ ሽቦ አውጥቶ ይገኛል። የውስጥ ጠርዝ ብቻ ተበልቶ ከሆነ አላይመንትና የእግር ጎሚኒዎች ይታዩ፤ አለበለዚያ አዲሱም እንደዚያው ያልቃል። መሀሉ ከተበላ ንፋስ በዝቷል፤ ሁለቱ ጠርዝ ከተበላ ንፋስ አንሷል።

ለመቆለፊያው ብሎን የሚሆነው ልዩ መፍቻ መኖሩን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ያገለገለ መኪና ላይ ጠፍቶ መገኘት የተለመደ ነው፤ ጎሚስታው ጋ ደርሶ ማወቅ ደግሞ ያናድዳል። የንፋስ ሴንሰሮቹ ባትሪ ለዓመታት ብቻ ስለሚቆይ አሮጌ ከሆኑ ጎማው ወጥቶ እያለ ቀይሯቸው። ባላንስ የግድ ነው። "ውጪ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ጎን ወደ ውጪ፣ ቀስት ካለ ደግሞ ወደሚዞርበት አቅጣጫ። ብሎኑ በልክ ማጥበቂያ ይጠበቅ፤ በአየር መፍቻ ብቻ ሲመታ ከልክ ያልፋል። ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከነዳችሁ በኋላ ደግማችሁ አስፈትሹት።

ንፋሱን ጎማው ሳይሞቅ ሙሉ። ልኩን ጎሚስታውን ሳይሆን በሩ ላይ ያለውን ተለጣፊ ጠይቁ፤ ሰው ሲጫን የሚሞላው ቁጥር ለብቻው ተጽፏል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎሜትሮች ረጋ ብላችሁ ንዱ፤ አዲስ ጎማ ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ ቅባት ስላለው መንገዱን በደንብ እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል።