የዲቃላ ጫጩት ፆታ በተፈለፈለ ቀን

ቤት የምናስፈለፍላቸው ዲቃላ ጫጩቶች ወንድ ይሁኑ ሴት ለመለየት ወር ከምናምን መጠበቅ ሰልችቶኝ ነበር። ጎረቤት "ሾጣጣ እንቁላል ወንድ ነው" ይላል። ወሬ ነው፤ ቅርፁ ከፆታ ጋር አይገናኝም።

መላው የተገኘው ከወላጆቹ ላባ ነው። እናቶቹ ኮኮክ የሚባል የዶሮ ዝርያ ናቸው፤ ጥቁርና ነጭ መስመር ያላቸው ገብስማዎች። አውራውን ቀይሬ መስመር የሌለበት ቀይ አመጣሁ። መስመሩን የሚያወርሰው ዘረመል ያለው በፆታ ክሮሞዞም ላይ ነው። ስለዚህ እናትየው ለወንድ ልጆቿ ብቻ ታስተላልፈዋለች። ጫጩቶቹ ጥቁር ሆነው ይወጣሉ፤ አናቱ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው ወንድ፣ የሌላት ሴት። ደርቀው ሲነፉ ነው ማየት፣ እርጥብ እያሉ ያሳስታሉ።

አውራው ራሱ ገብስማ ወይም ነጭ ከሆነ ግን አይሰራም። የድሮው አውራ ከወጣ በኋላም ሦስት ሳምንት ያህል እንቁላሉን ጠብሳችሁ ብሉት፤ ዘሩ በዶሮዋ ሆድ ይቆያልና።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ዲቃላዎች እርስ በርስ ከተዳቀሉ ነጥቡ በሁለቱም ፆታ ይመጣል። ያኔ አናቱ ላይ ያለው ሥጋ እስኪቀላ መጠበቅ ነው፣ ምን ይደረጋል።