የባህር ዳርቻንና ከውሃው በታች ያለውን የባህር ወለል ከፍታ ስትለኩ እባካችሁ እነዚህን አትሳሳቱ

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ ልጅ "ዳርቻው በሦስት ወር ውስጥ 20 ሴንቲ ወርዷል" ብሎ ካርታ አሳየኝ። ካርታው ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው፣ አንድ ዓይነት ቀይ (ቀይ ማለት የወረደ ነው)። ገና ሳየው ገባኝ፣ ምክንያቱም አሸዋ እንደዚ አይሄድም፣ ከአንዱ ጋ ሲወሰድ ሌላው ጋ ይከመራል፣ ሁሉም ቦታ እኩል ከወረደ የወረደው ቁጥራችሁ ነው። "ፖሉን (የጂፒኤስ አንቴናውን የሚሸከመውን ዘንግ) ስንት ላይ ነበር ያሰርከው?" አልኩት። ለካ መኪና ውስጥ እንዲገባለት ብሎ 1.80 ሜትር ላይ አሳጥሮታል፣ ኮንትሮለሩ (ልኬቱን የሚመዘግበው የእጅ መሳሪያ) ላይ ግን የአንቴናው ከፍታ 2.00 እንደተባለ ነው። በቃ፣ ይሄው ነው 20 ሴንቲው። 800 ሜትር ርዝመት በ60 ሜትር ስፋት ስታባዙት 9,600 ሜትር ኩብ አሸዋ ጠፋ ማለት ነው፣ ከቦታው ንቅንቅ ያላለ አሸዋ! ይሄን ሪፖርት አምኖ ዳርቻውን አሸዋ ለመሙላት በጀት የሚይዝ ሰው እኮ አለ።

ልጁን አልተቆጣሁትም፣ እኔ ራሴ የባሰ ሰርቻለሁ። ጂፒኤስ የሚሰጣችሁ ከፍታ ከኤሊፕሶይድ (የምድርን ቅርፅ ከሚወክል ለስላሳ የሂሳብ ቅርፅ) ነው፣ ከባህር ጠለል አይደለም። ወደ ባህር ጠለል ለማምጣት የጂኦይድ ሞዴል (የባህር ጠለል ከኤሊፕሶይዱ በየቦታው ስንት እንደሚርቅ የሚናገር ስሌት) ያስፈልጋል፣ በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት እንደ ቦታው በአስር የሚቆጠሩ ሜትሮች ሊሆን ይችላል። እሱን ብትረሱት ወዲያው ይታያችኋል፣ ዳርቻ 30 ሜትር አይነሳም። የሚያጠፋችሁ ትንሹ ነው። እኔ አሮጌውን ልኬት በአሮጌ የጂኦይድ ሞዴል፣ አዲሱን በአዲሱ ሞዴል አርጌ አንዱን ከአንዱ ቀነስኩ፣ ልዩነቱ 30 ሴንቲ አካባቢ ስለነበር "ከባድ ማዕበል ነበር፣ ይሆናል" ብዬ አለፍኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሌለ የአሸዋ መሸርሸር ምክንያት ስፈልግ ከረምኩ። የመርከበኞች ካርታ የምትጠቀሙም ተጠንቀቁ፣ እሱ ጥልቀቱን የሚቆጥረው ከዝቅተኛው የውሃ ከፍታ ወደ ታች ነው፣ የየብስ ካርታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአማካይ ባህር ጠለል ወደ ላይ፣ ሳትቀይሩ ብታገጣጥሟቸው ውሃው ጠርዝ ላይ በዓለም ላይ የሌለ ደረጃ ይወጣላችኋል።

መድኃኒቱ ደግሞ ቀላል ነው፣ ግን ማንም አያረገውም። የማይንቀሳቀስ ነገር ለኩ። ስትጀምሩ ቤንችማርክ (ከፍታው አስቀድሞ የታወቀ ቋሚ ምልክት) ላይ ቁሙ፣ ልትሄዱ ስትሉም ቁሙ። ከዳርቻው ጀርባ አስፋልት ወይ ኮንክሪት ካለ ሃያ ሰላሳ ነጥብ ውሰዱ፣ በእያንዳንዱ ልኬት፣ ሳትዘሉ። አስፋልቱ ከወረደ አሸዋው ላይ ምንም አትበሉ፣ መጀመሪያ ስህተቱን ፈልጉ። ደግሞ ብዙ ነጥብ ስለለካን ስህተቱ ይጣፋል አትበሉኝ፣ ወዲያና ወዲህ የተበታተነው ስህተት አዎ ይጣፋል፣ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለው ግን ሚሊዮን ነጥብ ብትወስዱም ያው ነው። እያንዳንዱ ልኬት በ5 ሴንቲ የሚሳሳት ከሆነ የሁለቱ ልዩነት በ7 ሴንቲ ገደማ ይሳሳታል፣ ስለዚ አንድ ቦታ ላይ የታየ የ4 ሴንቲ ለውጥን ቀለም አትቀቡት።

ውሃ ውስጥ ስትገቡ ኢኮሳውንደሩ (ድምፅ ወደ ታች ልኮ ሲመለስ የሚቀበለው መሳሪያ) ጥልቀት አይለካም፣ የሚለካው ጊዜ ነው፣ ጥልቀቱን የሚሰጣችሁ እናንተ በሞላችሁት የድምፅ ፍጥነት ነው። ብዙ ሰው 1,500 ብሎ ሞልቶ ዓመቱን ሙሉ አይነካውም። 25 ዲግሪ በሆነ የባህር ውሃ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1,534 ሜትር አካባቢ ይሄዳል፣ 10 ዲግሪ ላይ 1,490 ገደማ። 1,500 ብላችሁ ከተዋችሁት 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ውሃው ሲሞቅ 9.78፣ ሲቀዘቅዝ 10.07 ያነባል፣ ወለሉ ሳይነቃነቅ ወደ 29 ሴንቲ ለውጥ አገኛችሁ! የውሃውን ሙቀትና ጨዋማነት በየቀኑ ለኩ፣ ሴንሰሩ ከውሃው በታች ስንት ሴንቲ እንደገባም ጻፉ። ከቻላችሁ አንድ የብረት ሳህን በገመድ 2 ሜትር፣ 4 ሜትር አውርዱና መሳሪያው ያንኑ ማንበቡን አረጋግጡ፣ አስር ደቂቃ አይፈጅም።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን በእግር በተለካውና በጀልባ በተለካው መሀል የሚቀረው ባዶ ቦታ ነው። ሞገድ የሚሰበርበት ቦታ ላይ አረፋው የኢኮሳውንደሩን ድምፅ ያፍነዋል፣ በእግርም አይገባም፣ ስለዚ ሰው ይተወዋል፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ ዝም ብሎ ቀጥ ያለ መስመር ይስልበታል። ያ ቦታ እኮ የአሸዋ ጉብታው ያለበት ነው! ማዕበል ከዳርቻው ያወጣውን አሸዋ አብዛኛውን ጊዜ እዛ ያስቀምጠዋል፣ ባህሩ ሲረጋጋ ቀስ እያለ ይመልሰዋል። እሱን ሳታዩ "አሸዋው ጠፋ" ማለት አትችሉም። ውሃው ሲሸሽ እስከ ወገባችሁ ድረስ በእግር ግቡ፣ ሲሞላ በጀልባ ወደ ዳር ተጠጉ፣ ሁለቱ ይደራረቡ፣ የተደራረበበት ላይ ካልተስማሙ ደግሞ አንዱ ልክ አይደለም ማለት ነው። ሞገዱ ከባድ ከሆነ ግን ተመለሱ፣ ነገም ቀን ነው።

ድሮን ስታበሩ ውሃው ላይ የወጣውን ነጥብ በሙሉ አጥፉት፣ የመሬት ምልክቶቻችሁንም (ፎቶውን ከትክክለኛ ቦታው ጋር የምታያይዙባቸውን) ደረቁ አሸዋ ላይ ብቻ በአንድ መስመር አትደርድሩ። አረንጓዴ ጨረር ያለው ሊዳር (ከአየር ላይ በሌዘር ከፍታ የሚለካ መሳሪያ) ድፍርስ ውሃ ውስጥ ወለሉን አያይም።

ሁለት ልኬት ይዞ ስለ ዓመታት ለውጥ ማውራትም አለ። ሲድኒ ያለው የናራቢን ዳርቻ ከ1976 ጀምሮ በየወሩ ገደማ እየተለካ ነው፣ የማዕበልና የወቅት መውጣት መውረድን ከረጅም ጊዜው ለውጥ መለየት የሚቻለው እንደዚ ሲሆን ነው። እናንተ በየወሩ ካልቻላችሁ ቢያንስ በየዓመቱ ያው ወቅት ላይ፣ ያው መስመር ላይ ለኩ።

ፖሉን ደግሞ የመጀመሪያውን ነጥብ ከመውሰዳችሁ በፊት ማሰሪያውንና ኮንትሮለሩን አንድ ላይ ፎቶ አንሱት። ያ ልጅ 1.80 አስገብቶ ደግሞ ሲያሰላው ቀዩ በሙሉ ጠፋ፣ ሰሜን ጫፍ ላይ ወንዙ የሚገባበት አጠገብ ግን 40 ሴንቲ የወረደች አንድ ቦታ ቀረች። መጀመሪያ ቀዩ ሸፍኗት ማንም አላያትም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት እሷን ሄደን ልንለካ ነው።