የቅድመ አያትን ኑሮ ከድሮ መዝገብ ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ንጉሥ ታሪኩን የሚጽፍለት ሰው አያጣም። የልብስ ሰፊው፣ የማዕድን ቆፋሪው፣ የሰው ቤት ሠራተኛዋ ታሪክ ግን የሚገኘው ለሌላ ጉዳይ በተጻፈ ወረቀት ላይ ነው። መንግሥት ሕዝብ ሲቆጥር፣ ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ሲያጠምቅ፣ የመርከብ ድርጅት መንገደኞቹን ሲመዘግብ፣ ተራው ሰው ለአንዲት መስመር ብቅ ይላል። ከዚያ ይጠፋል። ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ መዝገብ ላይ እንደገና ታገኙታላችሁ።

እነዚህን መስመሮች አገጣጥሞ የአንድን ቤተሰብ ኑሮ ማየት ይቻላል። እኔ ከዚህ የበለጠ ልብ የሚነካ ፍለጋ አላውቅም። ግን ብዙ ሰው በቅን ልብ ተነስቶ የሌላ ሰው ቅድመ አያት ይዞ ይመለሳል። የሚያሳስቱት ነገሮች ደግሞ ሁሌም እነዚያው ናቸው። ምሳሌዎቼን በብዛት የወሰድኩት ከእንግሊዝ፣ ከአየርላንድና ከአሜሪካ ነው፤ መዝገቦቻቸው በኢንተርኔት ስለተለቀቁ ማንም ገልጦ ሊያያቸው ይችላል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሩቁ መጀመር

በቤተሰቡ ውስጥ አንድ ወሬ አለ። «የእኛ ዘር ከባላባት ወገን ነው» ይባላል። ሰውየው ያንን ባላባት ይይዝና ወደ ታች ወደ ራሱ ለመውረድ ይሞክራል። መንገዱ መሆን ያለበት ግን ተቃራኒው ነው፤ ከራስ ወደ ወላጅ፣ ከወላጅ ወደ አያት። አንዱ ትውልድ በማስረጃ ሳይታሰር ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ስም ገጠመ ብሎ ማረፍ

ብዙው ጥፋት የሚመጣው ከዚህ ነው። ስሙ ያው ነው፣ ከተማው ያው ነው፣ ዕድሜውም ይቀራረባል። «አገኘሁት!» ትላላችሁ። ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአንድ የእንግሊዝ ደብር ወንዶች የሚጠሩባቸው ስሞች ጥቂት ነበሩ። ጆን፣ ዊሊያም፣ ቶማስ፣ ጄምስ፣ ጆርጅ። ሁለት ወንድማማቾች ልጆቻቸውን በአባታቸው ስም ይሰይሙና በአንድ መንደር ሞክሼ የሆኑ የአጎት ልጆች አብረው ያድጋሉ። ከስሙ ኋላ «ሲኒየር» እና «ጁኒየር» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ አባትና ልጅ ናቸው ማለት አይደለም። በድሮ መዝገብ ታላቁን ሞክሼ ከታናሹ ለመለየት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሞክሼነት እዚያው በአንድ ቤት ውስጥም አለ። የጥምቀት መዝገብ እያገላበጣችሁ ነው እንበል። በ1803 ሜሪ የምትባል ሕፃን ተጠምቃለች። የእናትና የአባቷ ስም እናንተ የምታውቁት ነው። ደስ ብሏችሁ ጻፋችሁ። ገጹን ሁለት ዓመት ወደፊት ስትገልጡ እነዚያው ወላጆች ሌላ ሜሪ አስጠምቀዋል። ጸሐፊው አልተሳሳተም። የቀብር መዝገቡን ክፈቱት፤ በመሃል አንዲት ሕፃን ሜሪ ተቀብራለች። የሞተውን ልጅ ስም ለሚቀጥለው መስጠት በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር። ስታድግ ያገባችውና የእናንተ ቅድመ አያት የሆነችው ሁለተኛዋ ናት። የመጀመሪያዋን ይዛችሁ ብትሄዱ የምትስቱት ሁለት ዓመት ዕድሜ ብቻ አይደለም። አንዲት እናት ያንን ስም እንደገና አፏን ሞልታ ለመጥራት የደፈረችበትን ቀን ሳታዩት ታልፋላችሁ።

ስም ብቻውን ሰው አይለይም። የሥራው ዓይነት፣ የሚስቱ ስም፣ የተወለደበት ደብር፣ የልጆቹ ስም አብረው ሲገጥሙ ነው እርግጠኛ የሚኮነው።

ፊደሉ አልገጠመም ብሎ መጣል

ይህ የላይኛው ስህተት ግልባጭ ነው። ብዙ ተራ ሰዎች መጻፍ አይችሉም ነበር። የጋብቻ መዝገብ ላይ በፊርማ ፈንታ የመስቀል ምልክት ያደርጋሉ። ስማቸውን የጻፈው ጸሐፊው ነው፤ የጻፈውም በጆሮው እንደሰማው ነው። ያው ሰው በሦስት መዝገብ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ቢኖረው አይግረማችሁ። በአሜሪካ ሳውንዴክስ የሚባል ስምን በፊደል ሳይሆን በድምፅ የሚመድብ ዘዴ የተፈጠረውም ለዚሁ ችግር ነው። ስትፈልጉ ስሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡትና ሌላ ሰው እንዴት ሊጽፈው እንደሚችል አስቡ።

«ስማችን የተለወጠው ኤሊስ አይላንድ ላይ ነው» የሚለው ወሬ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ውስጥ አለ። ከ1892 እስከ 1954 ስደተኞች በተቀበለው በዚያ የኒውዮርክ ጣቢያ የሚሠሩት ተቆጣጣሪዎች ስም አይሰይሙም ነበር። በእጃቸው የነበረው መርከቡ ይዞት የመጣው የመንገደኞች ዝርዝር ነው፤ እሱን ከሰውየው ቃል ጋር ያመሳክራሉ። ስማቸውን በብዛት የለወጡት ስደተኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ከገቡ በኋላ፣ ሥራ ሲይዙ፣ ዜግነት ሲወስዱ። ስለዚህ የመርከቡን መዝገብ በአዲሱ ስም ብትፈልጉ አታገኙትም። በአገሩ ስም ፈልጉት።

በአይስላንድ እስከ ዛሬ ልጅ የሚጠራው በአብዛኛው በወላጁ ስም ነው፤ በዴንማርክ፣ በኖርዌይና በስዊድን ገጠሮችም ይህ ለረጅም ጊዜ የቆየ ልማድ ነበር። እዚያ አንድ የቤተሰብ ስም ይዞ ወደ ኋላ መሄድ አይቻልም፤ በየትውልዱ ይለወጣል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህንን ማስረዳት አያሻም።

የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ ማመን

መዝገብ ከመንግሥት ስለመጣ እውነት ይመስለናል። እኔ ግን እያንዳንዱን መዝገብ ሳይ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ማን ተናገረ? ማን ጻፈ? ለምን ተጻፈ?

የ1841ን የእንግሊዝ ቆጠራ ውሰዱ። ለቆጣሪዎቹ የተሰጠው መመሪያ ዕድሜው ከ15 በላይ የሆነውን ሰው ዕድሜ ወደ ታች እስከሚቀርበው አምስት ቤት ዝቅ አድርገው እንዲጽፉ ነበር። የ34 ዓመት ሴት 30 ተብላ ትመዘገባለች። የ59 ዓመት አባወራ 55 ይሆናል። አንዳንዱ ቆጣሪ መመሪያውን አልተከተለም፤ ትክክለኛውን ጻፈ። ይህን የማያውቅ ሰው የቅድመ አያቱን የልደት ዓመት አራት ዓመት ያህል ሊስት ይችላል።

የልደት ምስክር ወረቀትም ከዚህ አያመልጥም። በእንግሊዝ ልደት በ42 ቀን ውስጥ መመዝገብ ነበረበት። የዘገየ ወላጅ ክፍያውን ለማምለጥ የልጁን የልደት ቀን ወደፊት ገፋ አድርጎ ይናገራል። ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ልደቱን በአንድ ቀን ሲያከብር፣ ወረቀቱ ሌላ ቀን ይላል። የጥምቀት ቀንንም እንደ ልደት ቀን አትውሰዱ፤ ሦስት አራት ልጆች ባንድ ቀን ያስጠመቀ ቤተሰብ ብዙ ነው።

በሞት የምስክር ወረቀት ላይ ደግሞ የሟቹን ዕድሜና የወላጆቹን ስም የሚናገረው ሌላ ሰው ነው። አማች ይሆናል፤ ጎረቤት ይሆናል። ወላጆቹን አይቷቸው አያውቅም። በ1940 የአሜሪካ ቆጠራ ላይ የምወደው አንድ ነገር አለ። ለቆጣሪው መልስ ከሰጠው ሰው ስም አጠገብ በክብ ውስጥ ያለ የኤክስ ምልክት ይደረግ ነበር። ምልክቷን ስታዩ ማን በር ላይ ቆሞ እንደመለሰ ታውቃላችሁ። ሌሎች መዝገቦች ይህን አይነግሩንም፤ እኛ ነን መገመት ያለብን።

አንድ ቤት ያደረ ሁሉ ቤተሰብ ነው ማለት

አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት፣ አራት ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር። ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ይመስላሉ። በ1841ዱ የእንግሊዝ ቆጠራ ላይ ግን የዝምድና ዓምድ የለም። ሴትየዋ እህቱ ልትሆን ትችላለች። ከልጆቹ ሁለቱ የሟች ወንድሙ ይሆናሉ። ዝምድናው መጻፍ የጀመረው በ1851 ነው። በአሜሪካ ይህ ዓምድ የመጣው በ1880 ሲሆን፣ ከ1850 በፊት ጭራሹን የአባወራው ስም ብቻ ነበር የሚጻፈው፤ ሌላው የቤቱ ሰው ቁጥር ነው። በባርነት የተያዙት ሰዎች ደግሞ በ1850 እና በ1860ም አብዛኞቹ ያለ ስም፣ በዕድሜና በፆታ ብቻ፣ በጌታቸው ስም ሥር ተዘረዘሩ። የነዚያ ሰዎች ልጆች ቅድመ አያታቸውን በስሙ የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ በ1870 ቆጠራ ላይ ነው።

የዝምድና ቃላቱም ይለወጣሉ። ዛሬ የሚስትን አባት ወይም የባልን እናት የምንልባቸው የእንግሊዝኛ ቃላት («ፋዘር ኢን ሎው»፣ «ማዘር ኢን ሎው») በድሮው አነጋገር የእንጀራ አባትን ወይም የእንጀራ እናትንም ይጠቅሱ ነበር።

ካሌንደሩን መርሳት

በእንግሊዝ እስከ 1751 ድረስ አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ቀን ነበር። አንድ ጥንድ በሜይ 1720 ተጋቡ። ልጃቸው በፌብሩዋሪ 1720 ተጠመቀች። ከጋብቻ በፊት የተወለደች ትመስላለች አይደል? አይደለችም። ያ ፌብሩዋሪ ከሜይ በኋላ የመጣው ነው፤ በዛሬው አጻጻፍ 1721 ይሆናል። ዘጠኝ ወር። ያቺን እናት በከንቱ ከማማት ያድናችኋል።

ማውጫውን ብቻ አንብቦ መመለስ

በኮምፒውተር ስትፈልጉ የሚመጣላችሁ ሌላ ሰው አንብቦ የተየበው ነው። ዋናውን ምስል ሳታዩ አትመለሱ። የተየበው ሰው ያላስገባው ነገር እዚያ አለ።

የ1911 የእንግሊዝና የዌልስ ቆጠራ ለዚህ ምስክር ነው። ተጠብቀው የቆዩልን አባወራዎቹ ራሳቸው በእጃቸው የሞሏቸው ቅጾች ናቸው። ያገቡ ሴቶችን በተመለከተ በትዳር ስንት ዓመት እንደቆዩ፣ ስንት ልጅ በሕይወት እንደተወለደላቸው፣ ስንቱ እንዳለ፣ ስንቱ እንደሞተ ይጠይቃል። ዘጠኝ፣ አምስት፣ አራት። የአንድ ቤት ሐዘን በሦስት ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ። አንዳንዱ አባት ግን ቁጥር መጻፉ አልበቃውም። የሞቱትን ልጆች ስም አንድ በአንድ፣ ከነበሩት ልጆች ጋር አሰልፎ ጻፈ። መመሪያው በሕይወት ያለውን ብቻ ነበር የሚፈልገው። ስለዚህ ስሞቹ ተሰርዘዋል። ከሰረዙ ሥር ግን ይነበባሉ። ቅጹን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ብቻ ነው የሚያገኛቸው።

«ተቃጥሏል» ብሎ ተስፋ መቁረጥ

የአየርላንድ ዘር ያለው ሰው ሁሉ ይህን ሰምቷል። እውነት ነው፤ በ1922 ደብሊን በሚገኘው ፎር ኮርትስ በሚባለው የፍርድ ቤቶች ግቢ ውስጥ የነበረው ቤተ መዛግብት በእርስ በርስ ጦርነቱ ጋየ። ከ1821 እስከ 1851 የነበሩት ቆጠራዎች በአብዛኛው ያኔ ጠፉ። ከ1861 እስከ 1891 ያሉት ግን እሳት አልነካቸውም፤ ከዚያ በፊት መንግሥት ራሱ አስወግዷቸዋል። የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎች ግን ተርፈዋል፤ በነፃ ይነበባሉ። ለ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደግሞ ከ1847 እስከ 1864 የወጣው የግሪፊዝ የንብረት ግምት አለ፤ መሬትና ቤት የያዘው ማን እንደነበር መንደር በመንደር ይናገራል።

የአሜሪካው የ1890 ቆጠራ በ1921 ዋሽንግተን ላይ በተነሳ እሳት ተጎድቶ በኋላ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። የእንግሊዝና የዌልስ የ1931ም በ1942 ተቃጥሏል፤ እዚያ ግን በሴፕቴምበር 1939 ለጦርነቱ የተደረገው ምዝገባ ክፍተቱን ይሸፍናል። አንድ መዝገብ ሲጠፋ ያንን ሰው ሌላ ማን ጽፎት ሊሆን እንደሚችል አስቡ። ግብር ሰብሳቢው? ፍርድ ቤቱ? የመቃብር ቦታው?

ቀጥታ መስመሩን ብቻ መከተል

አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ መውጣት ቶሎ ግድግዳ ያስመታል። የቅድመ አያታችሁ የትውልድ መንደር በእሷ ወረቀት ላይ ባይኖር በታናሽ ወንድሟ ላይ ሊኖር ይችላል። የጋብቻ ምስክሮችን፣ የክርስትና አባቶችንና እናቶችን፣ ከቆጠራው ገጽ ላይ ከላይና ከታች ያሉትን ጎረቤቶች መዝግቡ። ሰው ሲሰደድም ሲያገባም ከሚያውቀው ሰው ጋር ነው።

በኑዛዜ ላይ የሌለ ልጅ ሞቷል ማለት

ድርሻውን ቀድሞ ወስዶ ሊሆን ይችላል። ወይም ተጣልተው።

የሚዘጋውን ዘመን አለመቁጠር

በአሜሪካ ቆጠራ ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው፤ የ1950ው የተከፈተው በ2022 ነው። በእንግሊዝና በዌልስ 100 ዓመት ይጠበቃል። የ1921ዱ በ2022 ተከፈተ። የ1931ዱ ተቃጥሏል፣ በ1941 በጦርነቱ ምክንያት ቆጠራ አልተደረገም። የሚቀጥለው የ1951ዱ ነው፤ በዚህ ስሌት በ2052።

ያንን ዘመን የሚያውቁት ዛሬ በሕይወት ያሉ አዛውንቶች ናቸው። ፎቶዎቹን ይዛችሁ ሂዱ። መሃል የተቀመጡትን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ዳር ላይ የቆመችውን ሴት ማን እንደሆነች ጠይቁ። ስሟን ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ ጻፉት፤ የነገራችሁን ሰው ስምና ቀኑንም ጨምሩበት።